የባለ ልጓሙ እግር

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የወይዘላ ምድር ጌታ፣ የኮረብቶች ሁሉ ባለቤት፣ የደመና ጎረቤት፣ ግርማዊ ንጉሣችን አርማስፍ የሚቀመጡባት በቅሎ፣ እመቤት ወለላ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ አስነጥሳለች! ሕዝቡ በያለበት ይደንግጥ!»

ሕዝቡም ደነገጠ። በወይዘላ ደንግጥ የተባለ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ምክንያቱን ቀስ ብሎ ከጎረቤት ያጣራል። የከተማው በር ተዘጋ። ሠርግ የነበረበት ሠርጉን አራዘመ፣ ሙግት የነበረበት ሙግቱን አነሣ። የገድ ሊቃውንት በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ተሰብስበው፣ በቅሎዋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ማስነጠሷ የጦርነት ምልክት ነው፣ የለም የድግስ ነው እያሉ ጢም እስከ መነጫጨት ደረሱ። በመጨረሻ የሁሉም አለቃ የሆኑት ሊቀ ገድ ዘርዓብ በትራቸውን ወለሉ ላይ መትተው ተነሡ።

«ግርማዊ ሆይ! ብዙ መርምረን ደርሰንበታል። በቅሎዋ ያስነጠሰችው በአፍንጫዋ ነው።»

«ኧረ ጥበብ!» አለ አዳራሹ።

እውነቱ ግን በመስኮቱ በኩል ወለል ብሎ ይታይ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ማማ ላይ ሲውለበለብ የኖረው ሰንደቅ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የዛፍ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ጭስ ከጣራ ወጥቶ የሚሄድበት ጠፍቶት እዚያው ጣራው ላይ ተቀምጧል። ያቺን የበቅሎ አፍንጫ የኮረኮረው የወይዘላ የመጨረሻው ነፋስ ነበር። ከዚያች ማስነጠስ በኋላ ነፋስ የሚባል ነገር ከምድሪቱ ጠፋ።

ወቅቱ ደግሞ የውቂያ ወቅት ነው። እህሉ ታጭዷል፣ በሬው አበራይቶታል፣ አውድማው ሞልቷል። ነፋስ ከሌለ ግን ምን ይደረጋል? ገበሬው በላይዳው ወደ ላይ ይወረውራል፣ እህሉም ከነገለባው ተመልሶ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሰው ሲቸግረው ከነገለባው አስፈጭቶ መብላት ጀመረ። ልጆች ጉሮሯቸው እየተቧጠጠ ከቤት ቤት ሳል ይቀባበሉ ገቡ። አዳራሹ የሚያስል ልጅ አላየም፤ ያየው የምታስነጥስ በቅሎ ነው።

ያም ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ሊቃውንቱ አንድ የጥንት ቃል መዘዙ። «ነፋስ በጠፋ ጊዜ ከምድሪቱ እግሮች ሁሉ የፈጠነው ወደ ምሥራቅ ይሂድ፤ አንፋሮንም ይጠይቅ» ይላል ቃሉ። አንፋሮ በዓለም ጫፍ ያለ አውሬ መሆኑን ከማወቅ በቀር፣ አይቶት የተመለሰ ሰው አልነበረም።

ይህን ጊዜ ከመኳንንቱ ረድፍ ካባ የለበሱ ሰው ዘለው ወጡ። «የእኔ እግር ትሂድ!» አሉ። ባለ ልጓም ቢያድግልኝ ነበሩ። እግር ያሉት ልጃቸውን ትርንጎን ነው።

ይህን የማያውቅ እንግዳ ቢኖር ይወቀው። በወይዘላ ሩጫ የዘውዱ ጉዳይ ነው። ፈጣን መሆኑ የታወቀበት ልጅ በዚያው ዕለት ስሙን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ የአባቱ «እግር» ይባላል። አባትየው ባለ ልጓም ተብሎ ካባና ወንበር ይሰጠዋል። በልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ የቤተ መንግሥቱ አንጥረኛ የሠራው የብር አልቦ ይጠለቃል፤ የአልቦው ጓደኛ የሆነች የአጥንት ፊሽካ ደግሞ በአባትየው አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። አባት ፊሽካውን ሲነፋ አልቦው ይግላል። «ትንሽ ሞቅ ቢል ነው» ይላሉ ባለ ልጓሞቹ፤ አንዳቸውም አጥልቀውት አያውቁም። ልጅ ሮጦ ሲያሸንፍ አክሊሉን የሚደፋው አባት ነው። ፉከራ ካስፈለገ ደመወዝተኛ ፎካሪ አለ። ምክንያቱም ሕጉ አንድና ግልጽ ነው፦ እግር አይናገርም።

ትርንጎ የተያዘችው ዝናብ ቀድማ ቤት የገባች ዕለት ነው። ዝናቡ ከሜዳው ጫፍ ሲነሣ አየችው፣ ልቅደምህ አለችው፣ ሮጠች፣ እየሳቀች ደረቅ ሆና ደጃፍ ደረሰች፤ ዝናቡ ከኋላዋ ደርሶ በሩን ደበደበ። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ትንሽ ልጃቸው ስትስቅ አላዩም። ያዩት ካባውን ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቷ እመት ዘነበች ማታ ማታ ቅቤ ይዘው እግሯ ሥር ይቀመጣሉ። እያሹ ያናግራሉ፤ እሷን አይደለም፣ እግሮቿን። «ደህና ዋላችሁልኝ? አልደከማችሁም የኔ ጌቶች? ምን ላብላችሁ?» ትርንጎ ከላይ ሆና ታዳምጣለች። ከጉልበቷ በላይ ምን እንዳላት የጠየቀ ሰው ካየች ዘመን አልፎ ነበር።

ልጅቱም ዝም ብላ አልተጎተተችም። ባለፈው ዓመት በታላቁ በዓል ሩጫ ሌሎቹን አቧራ አልብሳ መጥታ፣ መጨረሻው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመች። ተቀመጠች። ሰማይ ሰማዩን እያየች ሌሎቹ ሁሉ እስኪያልፉ ጠበቀች። ሕዝቡ ጮኸ፣ ንጉሡ መጉረሳቸውን አቋረጡ፣ አባቷ ጉንጫቸው እስኪፈነዳ ፊሽካውን ነፉ። በጋለው አልቦ ቆዳዋ ተላጠ፤ እሷ ግን አልተነሣችም። ለምን እንዲህ አደረግሽ ያላት የለም። እግርን ማን ይጠይቃል?

አሁን ባለ ልጓም ቢያድግልኝ ያንን ውርደት የሚያጥቡበት ቀን መጣላቸው። ካባቸውን ወደ ኋላ ወርውረው በንጉሡ ፊት ቆሙ።

«ግርማዊ ሆይ! ይህች እግር ከእኔ አብራክ የወጣች፣ በእኔ ፊሽካ የተገራች ናት! ነፋስ ከምድር በታች ቢገባ ቆፍራ፣ ከሰማይ በላይ ቢወጣ ተንጠልጥላ፣ አንገቱን አንቃ ታመጣዋለች! ባታመጣ ካባዬ ይገፈፍ፣ ወንበሬ ይገልበጥ፣ የአባቴ አጥንት ይውቀሰኝ!»

በወይዘላ ሥርዓት አባት ይምላል፣ ልጅ ትፈጽማለች። ፎካሪዎቹ ሊያቅራሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ከወደ ታች አንዲት ድምፅ ተሰማች።

«እኔም ቃል አለኝ።»

«እግር ተናገረች!» የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ከመኳንንቱ አንዱ ወንበሩ ሥር ገባ። ሊቀ ገድ ዘርዓብ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ነፋሱን ካመጣሁ ፊሽካው የኔ ይሁን» አለች ትርንጎ። «ከዚያ በኋላ ስሮጥም ስቀመጥም የሚያዘኝ አይኑር።»

«ዝም በይ!» አሉ አባቷ። «እግር አይናገርም!»

ንጉሥ አርማስፍ ምሳቸው ቀርቦ ነበር። «ይሁን፣ ይሁን» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ንጉሥ ተናግሯል። አሁን ሂዱልን፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ።»

ወደ ደጅ ሲወጡ አባትየው ክንዷን ጨብጠው ጆሮዋ ሥር አንሾካሾኩ። «ምን ጎደለብሽ? ቅቤው፣ ሥጋው፣ ወተቱ! እኔ በዕድሜሽ እንዲህ ያለ እግር ቢኖረኝ ኖሮ...»

«እግርማ አለዎት አባባ» አለች። «ሁለት።»

ለመንገዱ ከቤተ መንግሥት አንድ ሰው ተሰጣት። ፎካሪ ጉልላት ይባላል፤ ደረቱ እንደ ከበሮ የሰፋ፣ ከፍየል ጠጉር የተሠራ ጎፈር የደፋ። ሥራው በሷ ፈንታ መፎከር፣ ሲመለሱም ለንጉሡ የሆነውን ሁሉ መተረክ ነው። ሁለተኛውን የመንገድ ጓደኛ ማንም አልሰጣትም፤ ራሱ መጣ። ከከተማው በር ውጭ ካለው አውድማ አንድ ወጣት ላይዳውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ፣ ቀኝ ጉልበቱን እየጎተተ ወጣና መንገዳቸው ላይ ቆመ።

«እኔም እሄዳለሁ።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለ ጉልላት።

«የባለ ልጓም ድልነሣው እግር ነበርኩ።»

ትርንጎ አወቀችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ምድሩ የዘፈነለት ሯጭ ነበር። አንድ ቀን በሩጫ መሐል ጉልበቱ ቋ አለ፤ አባቱም በማግስቱ አልቦውን አውልቀው ለታናሽ ወንድሙ አጠለቁለት።

«ስምህስ?» አለችው።

ወጣቱ ጎተራ ውስጥ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። «እሸቴ» አለ ቆይቶ። «አዎ፣ እሸቴ ነበር መሰለኝ።»

«ለምንድነው የምትሄደው?»

«የእህቴ ልጅ ገለባ ስታስል ከረመች። እኔም ያዘኝ። ሳል መስማት ሰለቸኝ።»

ጉዞው ተጀመረ። ባለ ልጓም ቢያድግልኝ እስከ ጉልማ ወንዝ ድረስ በፈረስ ተከትለው፣ «ለማበረታታት» ሲሉ ፊሽካውን እየነፉ ሸኟት። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። ቀጥሎ እንደ ትንኝም መሆኑ ቀረ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አልቦውን ነካችው። ቀዝቅዟል። እግሯ ላይ ከዋለ ጀምሮ እንዲህ ፈጽሞ ቀዝቅዞ አታውቀውም ነበር።

ከፊቷ ልሙጥ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ዛፍ የለው፣ መስመር የለው፣ የሚመለከት የለው። በመጀመሪያ ቆመች። እግሯ ትእዛዝ ሲጠብቅ ተሰማትና አፈረችበት። ቀጥሎ ሮጠች።

እንዴት ያለ ሩጫ ነበር! ሣሩ ከእግሯ በታች ለመጎንበስ ጊዜ አጣ። ነፋስ በሌለበት ምድር እሷ ራሷ ነፋስ ሆነች፤ ካለፈችበት ቅጠል ይረግፋል፣ ጎጆው ውስጥ የተኛ ወፍ ዘመድ የመጣበት መስሎት ብድግ ይላል። ቀጥታ ሄደች፣ ተጠማዘዘች፣ ክብ ሠራች፣ ክቡን ሰልችታ ወደ ኋላ ሮጠች። ዝናቡን የቀደመችበት ቀን ሳቅ፣ የት ከርሞ እንደሆነ እንጃ፣ ከሆዷ ተነሥቶ በአፏ ወጣ።

ጉልላት እያለከለከ ደረሰ። «ይሄ ሩጫ ወዴት ነው? ለንጉሡ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ወዴትም።»

«ወዴትም የሚባል አገር አላውቅም።»

«እኔም ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት» አለችና ደግማ ሮጠች። እሸቴ ላይዳው ላይ አገጩን አስደግፎ ሲያያት ቆየ። ፊቱ ላይ ቅናት ነበር፤ ከቅናቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር።

ከሜዳው ማዶ የጭጋግ ገደል ይጀምራል። እዚያ የጭጋግ ጅቦች ይኖራሉ፤ ቀለማቸው ጭጋግ፣ ምግባቸው ድምፅ። መጀመሪያ የመንገደኛውን ኮቴ ይበላሉ፤ ቀጥሎ ትንፋሹን፤ የሚበላ ድምፅ ሲያልቅ ባለቤቱን ይጀምራሉ። ሦስቱ ወደ ገደሉ እንደ ወረዱ እርምጃቸው ድምፅ አልባ ሆነ። እሸቴ ሳለ፤ ሳሉ ከአፉ ሳይርቅ ተነጠቀ። ከግራም ከቀኝም ነጫጭ ዓይኖች መሰብሰብ ጀመሩ።

ጉልላት ወደ እሸቴ ጆሮ ተጠጋ። «የሚወዱት ድምፅ ነው አይደል?»

እሸቴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ፎካሪው ጎፈሩን አስተካከለ። ደረቱን ነፋ። «ሂዱ» አለ፤ ከዚያም ገደሉን አናጋው።

«ዘራፍ! ዘራፍ አካኪ ዘራፍ!
የነብር ጡት ጠብቶ ጥርሱን ያበቀለ፣
አለቱን ቆርጥሞ ጠጠሩን የጣለ፣
ሞት መጣ ሲሉት ወንበር ያቀረበ!»

ጅቦቹ እንደ ድግስ ታዳሚ ከበቡት። ትርንጎ እሸቴን ደግፋ በማዶው ቁልቁለት ስታወጣ ፉከራው ከኋላዋ ይጎርፋል። ስለ እሷ ፎከረ፣ ስለ አባቷ ፎከረ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ንጉሡ አያቶች ፎከረ። ውሸቱ ሁሉ ባለቀበት ጊዜ ድምፁ ለአፍታ ተቋረጠ፤ ቀጥሎ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ። «ፈሪ ነኝ! ነጎድጓድ ሲመታ አልጋ ሥር ነው የምገባው! ማር እንኳ ቆርጬ አላውቅም! ግን ዛሬ እዚህ ቆሜአለሁ፣ እዩኝ!» ጅቦቹ ይህን የበሉትን ያህል ሌላውን አልበሉም። ጠግበው እዚያው ተዘረሩ።

ጉልላት ገደሉን ወጥቶ ሲደርስባቸው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ጉሮሮውን ነካካ። ፈገግ አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ጉልላት አንድ ቃል ሳይወጣው ኖረ።

አንፋሮን ሲያዩት መጀመሪያ ተራራ መሰላቸው። ሽበቱ ሽበት ይሁን ሣር አይለይም፤ የጎን አጥንቱ እንደ ጣራ ማገር ወጥቷል፤ ሆዱ በአየር እንደ ተነፋ ስልቻ ተወጥሯል። አራት እግሮቹ ከሥሩ ታጥፈው እንደ ደረቀ ግንድ ተኮራምተዋል። ከአፍንጫው ቀዳዳዎች የታሰረ ነፋስ ያለቅሳል።

እሸቴ ላይዳውን አነሣ። «ልበለው?»

«በላይዳ?»

«ሌላ ምን ይዣለሁ?»

«አስቀምጠው» አለችና ወደ አውሬው ቀረበች። «ነፋሳችንን መልስ!»

«የናንተ?» አለ አንፋሮ። ድምፁ ናዳ ነው፣ የደከመ ናዳ። «እኔና ነፋስ አብረን ነው ያደግነው። ተራራ ለተራራ ስንባረር እናንተ ገና አልተፈጠራችሁም። አሁን እግሬ ከዳኝ። እሱ ግን ይሮጣል። ባጠገቤ ያልፋል፣ ዞር ብሎም አያየኝ። ምን ላድርግ? ዋጥኩት። ቢያንስ አብሮኝ ይተኛ ብዬ።»

«ልጆች እያሳሉ ነው!»

«እኔም አርጅቻለሁ» አለ አንፋሮ። ከዚያም አንገቱን ዘርግቶ አሸተታት። «ሩጫሽን ስጪኝ። በሜዳው ስትመጪ ምድሩ ነግሮኛል። እሱን ስጪኝና ነፋሱን ልልቀቀው።»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። አባት እግር ይላል፣ እናት እግር ትላለች፣ ንጉሥ እግር ይላል፤ የዓለም ጫፍ ድረስ ብትመጣ እዚህም የሚጠብቃት ይኸው ነው! «አንተም ባለ ልጓም ልትሆን አማረህ?»

«ልጓም ምንድነው?» አለ አንፋሮ።

እሸቴ በመሐል ገባ። «እንዳትሰጪው! እኔን እይ! እግርሽ የሄደ ቀን ሰው እንኳ አያደርጉሽም። ይልቅ የኔን ይውሰድ።»

«ያንተንማ ሌሎች ጨርሰውታል» አለ አንፋሮ፣ በሐዘኔታ።

እሸቴ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ሂጂ እንግዲያው። ወደ ምሥራቅ፣ ፊሽካ ወደማይሰማበት። ሮጠሽ ጥፊ። አላየሁም እላለሁ። ጉልላትም...» ጉልላት አፉን ከፍቶ ባዶነቱን አሳየ። እሸቴ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው፤ ሳለ፣ ሳለ፣ ጎንበስ ብሎ ገለባ የተቀላቀለበት ደም ተፋ።

ትርንጎ አየችው። ፊሽካውን የለመነችው ሩጫ የራሷ እንዲሆን ነበር። ከወንዙ ወዲህ የራሷ ሆኗል፤ አንድ ሜዳ ሙሉ። እንዲህ መውደዷን ያወቀችው ዛሬ፣ የሚወስዱባት ዛሬ።

«ብሰጥህ ምን ታደርግበታለህ?» አለችው አንፋሮን።

«እሮጣለሁ።»

«ወዴት?»

አውሬው ጥያቄው አልገባውም። ትላልቅ ዓይኖቹን አንከባለለ። «ወዴትም» አለ። «ዝም ብዬ።»

ትርንጎ ወደ መጡበት ሜዳ ዞር ብላ አየች። ከዚያ መዳፏን አፍንጫው ላይ አሳረፈች። የሆነ ነገር ከተረከዟ ተነሥቶ፣ በጉልበቷ አልፎ፣ በክንዷ ወጣ፤ ከተነከረ ጨርቅ ውኃ ሲጨመቅ እንደሚወጣ። እግሮቿ ከበዱ። የሁሉም ሰው እግር ሆኑ።

አንፋሮ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ነፋሱ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ተወርውሮ ወጣ፤ ጎፈሩን ከጉልላት ራስ ላይ አነሣ፣ እሸቴን ከነላይዳው አሽከረከረው። አንፋሮም ከኋላው ሄደ። ቀጥታ፣ ተጠማዝዞ፣ ክብ ሠርቶ። ትርንጎ የራሷን ሩጫ ከውጭ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ያምር ነበር። እዚያው ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች።

መመለሻው በሩጫ ሳይሆን በእርምጃ ነበርና ራቀ፤ የጭጋግ ጅቦቹም ገና ከጥጋባቸው አልነቁም። ነፋሱ ቀድሟቸው ስለ ገባ፣ ወይዘላ ሲደርሱ አውድማው ሁሉ በሥራ ተሟሙቆ አገኙት። እህሉ በአንድ ወገን ይወርዳል፣ ገለባው በወርቅ ደመና ወደ ሌላው ይበራል። እሸቴ መንገዱን ትቶ ወደ አውድማው ገባ፤ ላይዳውን አነሣና መሥራት ጀመረ። ከተማው ውስጥ እመት ዘነበች ቅቤያቸውን ይዘው ሮጠው መጡ፣ እንደ ልማዳቸው እግሯ ሥር ተንበረከኩ፣ ዳሰሱ። እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው ቀና ሲሉ ፊቷን አዩት።

«ከስተሻል ትርንጎ» አሉ። «ርቦሻል?»

«ርቦኛል፣ እማ።»

አዳራሹ ግን ምን ጠየቀ? ነፋሱ በየመስኮቱ እየገባ የመኳንንቱን ካባ እያራገበ፣ አዳራሹ የጠየቀው ለምን በቀስታ እንደምትራመድ ነበር። ባለ ልጓም ቢያድግልኝ ፊሽካውን ነፉ። አልቦው አልጋለም። ደግመው ነፉ። አልቦው ተከፈተና ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ድምፁ እንደ ማንኛውም ብር ነበር።

«እግሬን!» ብለው ጮኹ። «ግርማዊ ሆይ፣ እግሬን ምን አደረገችው?»

ንጉሡ ቃላቸው ትዝ አላቸውና ፊሽካው ይሰጣት አሉ። ትርንጎ ተቀበለችው። በመስኮቱ መዝጊያ ላይ አንጠለጠለችው። ነፋሱ ገብቶ ያፏጭበት ጀመር። አዳራሹ ሁሉ ጠበቀ። ማንም አልሮጠም።

«ፎካሪ ጉልላት የሆነውን ይተርክ!» አሉ ሊቀ ገድ ዘርዓብ።

ጉልላት ወደ መሐል ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አፉን ከፈተ። ምንም። ጉሮሮውን በጣቱ አመለከተና በክብር እጅ ነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሊቃውንቱ ተተረማመሱ። ያልተተረከ ጀብዱ ለማን ይጻፋል? አክሊሉስ በማን ራስ ላይ ይደፋል?

«እንግዲያው እግሯ ራሷ ትናገር!» አሉ ንጉሡ።

«ሕጉ ግርማዊ ሆይ...»

«ሕጉን አንሥተነዋል! ትናገር!»

ዕድሜዋን ሙሉ ዝም በይ ሲላት የኖረ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ጆሮውን አቆመ። ወንበሩ ሥር ገብቶ የነበረው መኮንን ሳይቀር ወደ ፊት አዘነበለ።

አባቷ ተጠጓት። «ተነጥቄ ነው በያቸው» አሉ በችኮላ። «አውሬው በግድ ወሰደብኝ በይ። ወይም ዘዴ ነው፣ ይመለሳል በይ። አንድ ነገር በይ!» ትርንጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሺ፣ ለነሱ ተዪው። ለኔ ለአባትሽ፣ በጆሮዬ። እኔን ለመበቀል ነው? እግሬን ወደሽ ነው የሰጠሽው? ለምን?»

በዚህ መሐል ከአውድማው የተነሣ ገለባ በቤተ መንግሥቱ ጋጣ በኩል አለፈ። በቅሎዋ እመቤት ወለላ አስነጠሰች። ሊቃውንቱ በድንጋጤ ብድግ አሉ፤ አዋጅ ነጋሪው ወደ አደባባይ ሮጠ፤ «ስማ! ያልሰማህ ስማ!» የሚለው ድምፁ ከሩቅ መጣ። ባለ ልጓሙ ግን ከልጃቸው ዓይን አልተነቀሉም።

ትርንጎ አሻግራ በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ ታያለች። በሰማይና በምድር መጋጠሚያ ላይ አንድ አቧራ ተነሥቷል። መንገድ አይከተልም። ቀጥታ ይሄዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ክብ ይሠራል፣ ክቡን ሰልችቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከንፈሯ ሳታውቀው ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሻል? ንገሪኝ እንጂ!» አሉ አባቷ።

«አልነግርዎትም» አለች።